ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ላብ፦ የብስክሌተኛው ጃኬት የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ

ተራራ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጠላቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሰማይ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከገዛ ጀርባው ይፈልቃል። ከሰማይ የሚወርደውን ፈርቶ ላስቲክ የለበሰ እንደሆነ ዳገቱን ሳያጋምስ በላቡ ይበሰብሳል። ላቡን ፈርቶ በሹራብ ብቻ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ዶፉ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከሁለቱ የትኛው እንዳራሰው ለውጥ የለውም፤ ነፋሱ እርጥብ ልብስ ካገኘ አጥንት ድረስ ይገባል። ብርድ ሰው የሚገድለው በረዶ ሲጥል ብቻ አይመስላችሁ። የራሰ፣ የደከመና ነፋስ የሚመታው ሰው ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀትም ሊሞት ይችላል።

ገበያው «መፍትሔ አለኝ» ይላል። ውሃ የማያስገባ፣ ላብ ግን የሚያስወጣ ጃኬት። ችግሩ ዋጋው ነው፤ አንዳንዱ ጃኬት ከአንድ አሮጌ ብስክሌት ይበልጣል። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ለጨርቁ? ለስሙ? ወይስ ለተስፋው? ይህንን ሻጭ ከሚመልስልን ታሪክ ቢመልስልን ይሻላል። እስኪ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግላስጎው ሳንድዊች

በ1823 ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል የግላስጎው ኬሚስት አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያን ጊዜ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ከተሞች ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ መብራት ማብራት ጀምረው ነበር። ጋዙ ተጣርቶ ሲወጣ ጥቁር ቅጥራን ይተርፋል። ማኪንቶሽ ከዚህ ትራፊ ናፍታ የሚባል ፈሳሽ አወጣ (ከመኪናው ናፍጣ ጋር የስም ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም)። ናፍታው ጎማን ያሟሟል። የሟሟውን ጎማ በሁለት ጨርቅ መሐል ቀብቶ አጣበቀው። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ጨርቅ፣ ጎማ፣ ጨርቅ። እንግሊዞች ዛሬም የዝናብ ካፖርትን «ማክ» ብለው የሚጠሩት በዚህ ሰው ስም ነው።

በእርግጥ ጎማን ለዝናብ መከላከያ ያዋለ የመጀመሪያው ሰው ማኪንቶሽ አይደለም። የደቡብ አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከእሱ አስቀድመው የጎማን ዛፍ ወተት ጨርቅና ጫማ ላይ ይቀቡ ነበር። ማኪንቶሽ ያደረገው ነገሩን የፋብሪካ ሥራ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ካፖርቶች ግን ብዙ ጣጣ ነበረባቸው። ብርድ ሲሆን እንደ ቆርበት ይደርቃሉ፤ ሙቀት ሲሆን ይጣበቃሉ። ይሸታሉ። ልብስ ሰፊው በመርፌ በወጋቸው ቁጥር ደግሞ በስፌቱ ቀዳዳ ውሃ ይገባል። የመጣበቁን ችግር የፈታው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር ነው። በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ ቢያሞቀው በብርድ የማይደርቅ፣ በሙቀትም የማይቀልጥ ሆኖ አገኘው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክ ግን በአገሩ ቀድሞ መብቱን አስመዘገበ። ጉድዪር በ1860 የሞተው ባለ ዕዳ ሆኖ ነው። ስሙን ዛሬ በመኪና ጎማ ላይ የምታዩት ኩባንያ የተቋቋመው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ከስሙ በቀር ከእሱም ሆነ ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘው የለም።

አንዱ ችግር ግን አልተፈታም። የጎማ ካፖርት ዝናብ አያስገባም፤ ላብም አያስወጣም። በሠረገላ ለሚሄድ ባለጸጋ ይህ ብዙ አያሳስብም ይሆናል። ፔዳል ለሚረግጥ ሰው ግን ካፖርቱ የእንፋሎት ቤት ነው።

እረኞች ያውቁት የነበረው

ሌላው መንገድ ላብን መከልከል ሳይሆን ለላብ በር መተው ነበር። ይህንን ዘዴ ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። የደጋው ገበሬና እረኛችን ከሣር የሚሠራ ገሳ ደርቦ ክረምቱን ሲያሳልፍ ኖሯል። ዝናቡ በሣሩ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ከሥር ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፣ ላብ ይወጣል። የሱፍ በርኖስም በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ቢርስ እንኳ ሙቀት አይነሳም።

በእንግሊዝ ይህንን መንገድ በፋብሪካ የተከተለው ቶማስ በርበሪ ነው። በ1856፣ በ21 ዓመቱ፣ ቤሲንግስቶክ በምትባል ከተማ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። በ1879 ጋባርዲን የተባለውን ጨርቅ ፈለሰፈ፤ በ1888 መብቱን አስመዘገበ። ዘዴው ጨርቁን ከተሸመነ በኋላ በጎማ መድፈን ሳይሆን ክሩን ገና ሳይሸመን ውሃ እንዳይቀበል አድርጎ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ አድርጎ መሸመን ነው። ጨርቁ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያቆምም፤ ግን ይተነፍሳል። ጆርጅ ማሎሪ በ1924 ኤቨረስት ላይ ሲቀር ከለበሳቸው ልብሶች አንዱ ከጋባርዲን የተሰፋ ጃኬት ነበር።

በዚሁ ዘመን ብስክሌተኞች የራሳቸውን ዘዴ አገኙ፤ ካባ። የፊቱን ጫፍ በመሪው ላይ ጥለው ድንኳን ሠርተው ይነዱ ነበር። ከላይ ዝናቡን ይከላከላል፤ ከታች ነፋስ ይገባል። ጨርቁ ምንም ቢሆን ላቡ መውጫ አያጣም። ጉዳቱ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ መወጠሩ ነው። ይህችን ካባ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ቬንታይልን አመጣ። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ የሚወድቁ የእንግሊዝ አብራሪዎች በደቂቃዎች ውስጥ በብርድ ይሞቱ ነበር። ማንችስተር የሚገኘው የሸርሊ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ረጅም ዘሃ ካለው ጥጥ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ሠሩ። ጥጡ ሲርስ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ሲደርቅ ደግሞ ተመልሰው ይከፈታሉ። ግሩም ሐሳብ ነው። ግን ውድ ነው፤ ሲርስም ይከብዳል።

በንዴት የተጎተተ ዘንግ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ሚያዝያ 6 ቀን 1938 የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ሮይ ፕለንኬት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመራመር ነበር። አንዱ ሲሊንደር ቢከፈት ጋዝ አልወጣ አለ። ሚዛኑ ግን አልቀነሰም። ሲሊንደሩ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ ነጭ፣ የሚያንሸራትት ዱቄት ተገኘ። ይህ ዱቄት በኋላ ቴፍሎን ተባለ። ምንም ነገር አይጣበቅበትም፤ ውሃም ጭምር።

ቢል ጎር የዱፖንት ሠራተኛ ነበር። በ1958 ሥራውን ለቆ ከባለቤቱ ከቪቭ ጋር በዴላዌር ግዛት፣ በቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ፣ ቴፍሎንን ለኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ የሚጠቀም ድርጅት አቋቋሙ። በ1969 ልጃቸው ቦብ ጎር የቴፍሎን ዘንግ እያሞቀ በዝግታ ሊያስረዝም ሲሞክር ዘንጉ እየተበጠሰ አስቸገረው። በመጨረሻ ተናደደና አንዱን የጋለ ዘንግ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ይበጠሳል ሲባል ተለጠጠ። ከመጀመሪያ ርዝመቱ ብዙ እጥፍ ሆነ። የተለጠጠው ቁስ አብዛኛው ክፍሉ አየር ነበር፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት።

የጃኬቱ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የዝናብ ጠብታ ከእነዚህ ቀዳዳዎች በሺህ እጥፍ ስለሚበልጥ አያልፍም። ላብ ሲተን ግን ሞለኪውሉ ከቀዳዳው በጣም ስለሚያንስ ሾልኮ ይወጣል። ማኪንቶሽ በሁለት ጨርቅ መሐል ጎማ አደረገ፤ ጎሮች በጎማው ቦታ ይህንን ስስ ሽፋን ተኩ። ሳንድዊቹ ያው ነው፤ የተለወጠው በመሐል ያለው ነው።

1976፦ ሁለት ልደት

በ1976 ጎር ኩባንያ ለጎርቴክስ ጨርቅ የመጀመሪያውን የንግድ ትዕዛዝ አገኘ። ጨርቁን ቀድመው ድንኳንና ጃኬት ከሰፉበት አንዱ «ኧርሊ ዊንተርስ» የተባለ የሲያትል ድርጅት ነው። ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሲያትል በካፊያዋ የታወቀች ናትና ቦታው አይገርምም።

በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሪን አውራጃ፣ ፌርፋክስ ከምትባል ከተማ አጠገብ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ብስክሌታቸውን ገፍተው ተራራ ወጡና ቁልቁል ተሽቀዳደሙ። ውድድሩ «ሪፓክ» ተባለ። ብስክሌቶቹ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚቆሙ ዓይነት ስለነበሩ ፍሬናቸው በቁልቁለቱ ግሎ ቅባቱን ያቃጥለዋል። ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ቅባቱ እንደገና መሞላት አለበት፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። የለበሱት ጂንስ፣ የሥራ ሸሚዝና ከስክስ ጫማ ነበር። ከነዚህ መሐል ጆ ብሪዝ፣ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በኋላ የተራራ ብስክሌት አባቶች ተባሉ። በ1981 «ስታምፕጀምፐር» በፋብሪካ ተመርቶ ወጣና ነገሩ ዓለምን አዳረሰ።

የማሪን በጋ ደረቅ ነው፤ ጂንስ ይበቃል። ስፖርቱ ግን ወደ ዌልስ፣ ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ካናዳ ቫንኩቨር ሄደ። እነዚህ አገሮች ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ ያለ ብስክሌተኛ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ የሚቀመጥባቸው ናቸው። በአንድ ዓመት የተወለዱት ብስክሌቱና ጨርቁ የተገናኙት በጭቃ ላይ ነው።

ጨርቁ ሲወለድ እንከን አልባ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ጃኬቶች የሰውነት ቅባት ሽፋኑ ውስጥ ሲገባ ያፈስሱ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው በውስጥ በኩል ቀጭን የፖሊዩሪቴን ንብርብር ጨመረ። ስፌቱም በሙቀት በሚለጠፍ ቴፕ መሸፈን ጀመረ። የማኪንቶሽ ዘመን የመርፌ ቀዳዳ በዚህ ተደፈነ።

ስለ ዋጋው ከጠየቃችሁ ግን ዋናው ነገር የፈጠራ መብቱ ነው። መብቱ ጸንቶ በቆየበት ጊዜ ሌላ ማንም ይህንን ሽፋን መሥራት አይችልም ነበር። ያ ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ተመሳሳይ ሽፋን የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ቀዳዳ በሌለው ፖሊዩሪቴን ወይም ፖሊስተር ላቡን እየሳቡ በሌላው በኩል የሚያስወጡም አሉ። ርካሹ ጃኬት ሊኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን ማን ከፈለ?

ጃኬት ስንገዛ የምንከፍለው መለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ የከፈለ አለ።

የጎማውን ዘመን ተመልከቱ። በ1888 ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ በአየር የሚነፋ የብስክሌት ጎማ ሠራ። ብስክሌት ምቹ ሆነ፤ ፋሽን ሆነ፤ የጎማ ፍላጎት ሰማይ ነካ። ያ ጎማ በብዛት ከተለቀመባቸው ቦታዎች አንዱ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ የግል ግዛቱ ያደረጋት ኮንጎ ናት። የታዘዘውን ያህል ያላመጣ መንደር ይቃጠል፣ የሰው እጅ ይቆረጥ እንደነበር በዘመኑ ሪፖርትና ፎቶግራፍ ተመዝግቧል።

የቴፍሎንም ዘመን የራሱ ሒሳብ አለው። በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በፓርከርስበርግ አቅራቢያ፣ ዱፖንት ቴፍሎን ሲሠራ ሲ-8 የሚባል ኬሚካል ይጠቀም ነበር። የፋብሪካውን ቆሻሻ መጣያ ያጎራበተ አንድ ገበሬ ከብቶቹ ሲያልቁበት ሮብ ቢሎት የተባለ ጠበቃ ያዘ። ቢሎት በ1999 ክስ መሠረተ። ከዚያ በተከተለው የሕዝብ ክስ ስምምነት መሠረት ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች ደም ሰጡ። በገለልተኛ ሳይንቲስቶች የተደረገው ጥናት በ2012 ሲጠናቀቅ ኬሚካሉ የኩላሊትና የዘር ፍሬ ካንሰርን ጨምሮ ከስድስት በሽታዎች ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀር ገለጸ። በ2017 ዱፖንትና ከእሱ የወጣው ኬሞርስ 671 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልበል። ያ ፋብሪካ የሚሠራው ለጃኬት ብቻ አልነበረም፤ መጥበሻውም፣ ሽቦውም አለበት። ነገር ግን የጃኬት ሰፊዎችም ከዚያው የኬሚካል ቤተሰብ ተጠቅመዋል። ከሽፋኑ በተጨማሪ የጃኬቱ ውጫዊ ጨርቅ ላይ የሚቀባው፣ ውሃን እንደ ዶቃ የሚያንከባልለው ቅባት ለረጅም ጊዜ ከዚህ ቤተሰብ ነበር። ፒፋስ ይባላሉ። «የዘላለም ኬሚካሎች» የተባሉት አፈርና ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይፈርሱ ነው።

ነገሩ ግን መለወጥ ጀምሯል። ጎር በ2022 ከፒፋስ ነጻ የሆነ፣ ከፖሊኤቲሊን የተሠራ አዲስ ሽፋን ገበያ ላይ አወጣ። የካሊፎርኒያና የኒውዮርክ ግዛቶች ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ልብስ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ለከባድ ዝናብ ለሚሠሩ ልብሶች ግን እስከ 2028 ጊዜ ሰጥተዋል። ብዙ ርካሽ አምራቾችም ቅባታቸውን ቀይረዋል። ስለዚህ ከፒፋስ የጸዳ ጃኬት ለመግዛት የግድ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። መለያውን ማንበብ ይበቃል።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ታሪኩ የነገረንን ወደ ገበያ ይዘነው እንሂድ።

አንደኛ፣ ቁጥሮቹን እወቁ፤ ግን አታምልኳቸው። መለያው ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ጨርቁ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት እንደሚቋቋም ይናገራል፤ 10,000 ለአብዛኛው ዝናብ ይበቃል። ሁለተኛው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያሳልፍ ነው። 10,000 ግራም ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ለ24 ስታካፍሉት ግን በሰዓት 400 ግራም ገደማ ነው። ዳገት ላይ አጥብቆ የሚነዳ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ቁጥሩ 20,000 እንኳ ቢሆን ሒሳቡ አይሞላም። በዚያ ላይ ቁጥሩ የተገኘው በላቦራቶሪ ነው። እንፋሎት የሚወጣው ውስጡ ከውጭው የበለጠ ሲሞቅና ሲረጥብ ነውና ውጭው በእርጥበት ሲሞላ የውድ ጃኬትም ትንፋሽ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ስለዚህ ከጨርቁ ይልቅ ቀዳዳውን ፈልጉ። ካባዋን ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ፣ ከላይም ከታችም የሚከፈት የፊት ዚፕ፣ የሚላላ የእጅ ጫፍ፤ እነዚህ ከጥቂት ሺህ ግራም ልዩነት የበለጠ ላብ ያስወጣሉ። ርካሽ ሆኖ ብብቱ የሚከፈት ጃኬት፣ ውድ ሆኖ ከታፈነው ለዳገት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። በውስጥ በኩል ስፌቱ ሁሉ በቴፕ ካልተሸፈነ ያ ጃኬት የካፊያ እንጂ የዶፍ አይደለም።

አራተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ አትለኩት። መሪ እንደያዛችሁ ጎንበስ በሉ። ጀርባው ወገብ ይሸፍናል? እጅጌው አንጓ ላይ ይደርሳል? ቆቡ ከሄልሜት በላይ ይገባል? የእግረኛ ጃኬት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ይወድቃል፤ ከኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ደግሞ ወገብ ነው የሚፈልገው።

አምስተኛ፣ ንብርብሩን እዩ። «ሁለት ተኩል» የሚባለው ቀላል፣ በቦርሳ የሚታጠፍና ርካሽ ነው፤ ግን ውስጡ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ባለ ሦስት ንብርቡ ይከብዳል፣ ይወደዳል፤ ግን የጀርባ ቦርሳ ማሰሪያ ሲፈትገው ይችላል። አልፎ አልፎ ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ሳልባጅ አትናቁ። የታወቀ ስም ያለው ጃኬት እዚያ ሊገኝ ይችላል። ግን ገልብጡት። ቴፑ ከተላጠ፣ ውስጡ እንደ ቅርፊት ከተፈረፈረ ተዉት፤ እሱን ምንም አይመልሰውም። ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ውጫዊው ጨርቅ ብቻ የሚጠጣ ከሆነ ግን አትሽሹ፤ ያ ቅባቱ ነው የለቀቀው፣ ሊታደስ ይችላል።

መጨረሻ፣ እጠቡት። ብዙ ሰው ጃኬቱ እንዳይበላሽ ብሎ ሳያጥበው ይከርማል። ቆሻሻና የሰውነት ቅባት ግን ውጫዊው ጨርቅ ውሃ እንዲጠጣ ያደርጉታል፤ ጨርቁ ውሃ ሲጠጣ የላብ መውጫ ይደፈናል። ያን ጊዜ «አፈሰሰ» እንላለን፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውስጥ ያራሰን የራሳችን ላብ ነው። በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፤ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። መለያው ከፈቀደ በመጠነኛ ሙቀት አድርቁት፤ ሙቀቱ ቅባቱን ያነቃዋል። ከፒፋስ የጸዱት አዳዲስ ቅባቶች የሰውነት ቅባትን እንደ ድሮዎቹ ስለማይከላከሉ እጥበት ይበልጥ ይፈልጋሉ። ከዘላለም ኬሚካል ለመገላገል ይህ ብዙ አይደለም።

በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ዝናቡን ማቆም ተችሏል። ላቡን ሙሉ በሙሉ ያሸነፈ ጨርቅ ግን እስከ ዛሬ አልተሸመነም፤ እንደዚያ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ያዙ። መካከለኛ ጃኬት ግዙ፤ ዳገቱ ላይ ዚፑን ክፈቱት፤ ጫፍ ስትደርሱ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝጉት። የተረፈው ገንዘብ ለፍሬን ሸራ ይሁን፤ በዝናብ ቀን እሱም ቶሎ ያልቃል።